የሀጂራ ጉርሻ በጃዋ አገር

በጋይንት የአርብ ገበያዋ ሀጂራ "አይሆንም" ሲሏት ሰምታ አታውቅም፤ ሰምታም ከሆነ አልያዘችውም። ባሏ ከሞተባት ጀምሮ በርበሬና ጨው እየቸረቸረች አራት ልጅ ያሳደገች፣ ገበያው ሞልቶ ሲያስገመግም እንኳ ድምጿ ተለይቶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩአቸውን ባከበሩ በሁለተኛው ዓመት ከመካ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ወሬ አመጣላት። ለሐጅ እንደወጣ ሃያ አምስት ዓመት የጠፋው ታናሽ ወንድሟ ረጀብ በሕይወት አለ፤ ጃዋ አገር፣ ሱራባያ ከሚባል የወደብ ከተማ አግብቶ ወልዷል።

"እሄዳለሁ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁባት። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" አሏት።

"ወንዱ የታለና? እሱን ልፈልግ አይደል የምሄደው!"

እናታቸው የሞተችው ረጀብን በወለደች በሳምንቷ ነው። ሀጂራ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝላ፣ አጥባ፣ በእጇ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ሳልቀርብ አልሞትም ብላ ተነሣች።

በሚቀጥለው ዓመት ከትልቁ ልጇ ከጁሃር ጋር ሐጇን አደረገች። ጅዳ ላይ የአገሯ ሰው ሁሉ ወደ ምጽዋ ሲሳፈር እሷ የጃዋ ሐጃጆች ወደሚሳፈሩበት መርከብ ዞረች።

"እማ፣ አብደሻል?" አላት ጁሃር።

"አንተ ወደ ሚስትህ፣ እኔ ወደ ወንድሜ!" ብላው ድርቆሽ እንጀራዋንና በርበሬዋን በከረጢት ተሸክማ ወጣች። ባሕሩ ሲያስመልሳት ከረመ። ከረጢቷን ግን አንድ ቀንም ከራስጌዋ አላራቀችም።

ሱራባያ ስትደርስ አብረዋት የመጡት ሐጃጆች ለረጀብ መልእክት ልከውለት ወደቡ ድረስ መጣ። ሸብቷል፣ የሐር ሽርጥ አገልድሟል። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ ግን ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እታለም፣ እዚህ የመካ ዐረብ ነኝ ብዬ ነው ያገባሁት። አማቾቼ የሚያከብሩኝም ለዚያ ነው። እባክሽ፣ ሞግዚቴ ነሽ ልበላቸው።"

ሀጂራ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ሞግዚት አላት! ዝም አለችው። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ቆጠረው፤ ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው። አርብ ገበያ ሀጂራ ዝም ካለች ሰው መንገድ ይለውጣል።

ሦስት ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር በላች። ምግቡ አይታማም፤ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ፣ ደግሞ እንደ ድልህ የሚያቃጥል የበርበሬ ፍጭት። የረጀብ ልጅ ሲቲ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በበሩ እያለፈች ሰረቅ አድርጋ ታያታለች። አገጯ ቁርጥ የሀጂራን እናት ነው። ሀጂራ ባየቻት ቁጥር መጉረሷን ትታ በዓይኗ ትከተላታለች።

በአራተኛው ቀን አማቾቹ ለምሳ ተጠሩ። ሀጂራ በእጇ እያመለከተች ዶሮ አስያዘች፤ ብልት ብልቱን አውጥታ፣ ሽንኩርቷን አቁላልታ በርበሬዋን ስትጨምርበት ሠራተኞቹ እያሳሉ ግቢ ወጡ። ድርቆሹን በወጡ አራሰችው። ትልቅ ሳህን ሞልታ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እንግዶቹ መሀል ገባችና ከረጀብ ፊት ተቀመጠች።

ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች። "በሞቴ!" አለችው።

ሞግዚት በእንግዳ ፊት ጌታዋን አታጎርስም፤ ይህን የጃዋም ሰው ያውቃል። እንግዶቹ ሁሉ ወደ እነሱ ዞሩ። ረጀብ አቀረቀረ። ወጡ በእጇ አንጓ አልፎ ወደ ክርኗ ወረደ።

"በዚህ እጅ ነው ያደግኸው" አለች። "እስኪደርቅ አላወርደውም።"

ረጀብ አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው እንዳይባል ገና አላኘከም። ከዋጠ በኋላ፣ በአማቾቹ ፊት ተናግሮት በማያውቀው አማርኛ፣ "እታለም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል" አላት።

"ያጣላና! መጀመሪያ ለልጅህ ማን እንደሆንኩ ንገራት።"

ነገራት። ሀጂራ ቋንቋውን ባትሰማም "ጋይንት" የምትለዋን የአገሯን ስም ለየች። አማትየው የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። ሲቲ ተነሥታ መጣችና፣ በአገሯ ደንብ የታላቅ እጅ ግንባር ላይ እንደሚደረግ፣ ወጥ የነካውን እጅ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ቀና ስትል ግንባሯ በበርበሬ ቀልቷል፤ አልጠረገችውም።

ሀጂራ ለወንድሟ ሁለተኛውን ጠቀለለችለት። ከዶሮው ብልት ፈረሰኛውን ግን፣ የአባወራ ድርሻ መሆኑን እያወቀች፣ ለልጅቱ ሰጠቻት።