የፍልሰታ ከረሜላ

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ገበያ ላይ ዋጋ ስጠየቅ እንኳ ድምፄ አይወጣም። አክስቴ "አንችስ ሽንኩርቱ ራሱ ዋጋውን ቢናገርልሽ ይሻላል" ትለኛለች። ስለዚህ በዚያ ነሐሴ፣ በአሥራ አንድ ሴቶች ፊት ያን ነገር የተናገርኩት እኔ መሆኔ ዛሬም ይገርመኛል።

ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው በኩል የምንኖር ሴቶች ሩዝ የምናርመው በወንፈል ነው። ዛሬ የአንዷ ማሳ ከታረመ ነገ የሌላዋ ይታረማል። ቀሚሳችንን ወደ ላይ ሸብ አድርገን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ውስጥ ገብተን፣ ጎንበስ ብለን በረድፍ እንሄዳለን። እጅ ያርማል፣ አፍ ያወራል። አልቅት የያዛት ስትጮኽ የቀረነው እንስቃለን። እኔ ሁልጊዜ የረድፉ ጫፍ ላይ ነኝ። ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያወራው ሰው ያለው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ይመቸኛል።

በዚያ በአንዱ ጎኔ የምትቆመው ጓደኛዬ ነበረች። እኔና እሷ ጓደኛ የሆንነው በጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። እናቴ መድኃኒት ሳታገኝ ነው የወለደችኝ። እሷንም አባቴንም አላስታውሳቸውም፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ብዙ ታመምኩና ከትምህርት ቀረሁ፣ ሲሻለኝ ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ አፈርኩ፣ በዚያው ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ። ሙሉ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ እንዳልል እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ ዳገት የለም እንጂ ጉልበቱስ አለኝ።

አንድ ቀን መድኃኒቴን ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወረፋ እጠብቃለሁ። ከፊቴ ያለችውም ሴት እንደኔው ተከናንባለች። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ቤት ያለው የባጃጅ ነጂ ሚስት ናት፤ የወንፈላችን ሴት።

"ጥርሴን አሞኝ ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት።

"እኔም ጥርሴን ነው" አልኳት።

ያ መስኮት የጥርስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መድኃኒት ሰጪው ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ መጀመሪያ ለሷ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሲያቀብለን ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ሳቀች። "አይ ጥርስ!" አለች። ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ባሏ እንደሚያውቅ፣ እሱ ተመርምሮ ነጻ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ሌላ ግን ነፍስ እንደማያውቅ በመንገድ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ "ጥርስሽ እንዴት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ነገሩ ይገባኛል።

በዚያ ክረምት ጓደኛዬ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ፍልሰታ የገባ ሰሞን፣ እያረምን ሳለን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"ድኛለሁ" አለችኝ።

"ከምን?"

"ከጥርሱ ነዋ! ደሜን መርምረው አልታየም አሉኝ። አልታየም! ተውኩት መድኃኒቱን። ዘጠኝ ቀኔ። ጾሙ ሲፈታ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃውን እታጠብና አለቀ።"

"አልታየም" የሚለውን ቃል እኔም ብዙ ጊዜ ተብዬ አውቃለሁ። ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረድታኛለች፤ መድኃኒቱ አድክሞት ነው የማይታየው፣ ካቆምሽ ይነሣል ብላኛለች።

"ሌላ ነገር አላሉሽም?" አልኳት።

"ሊሉኝ ነበር። ባሌ ደጅ ሆኖ ጡሩንባ ሲያስጮህብኝ ሮጬ ወጣሁ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ልነግራት ሞከርኩ። ልጀምርና ድምፄ ያልቃል። በሦስተኛው ቀን "አንች መዳኔ አላስደሰተሽም እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ዓይኔ ግን ሆዷ ላይ ነበር። መድኃኒት ካልወሰደች እናት ሆድ የወጣ ልጅ ምን ሆኖ እንደሚያድግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ያ ልጅ እኔን እንዳይሆን ፈለግሁ።

በዚያው ሰሞን ሴቶቹም በእኔ ላይ አንድ ነገር ያዙብኝ። ወንፈሉን የሚመሩት አንድ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም "እማማ" ነው የምንላቸው። እሳቸው ካላሉ አይጀመርም፣ እሳቸው ካላሉ አይቆምም። አንድ ጧት ሩዙን እያዩ፣ ግን ለእኔ በሚሰማ ድምፅ፣ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አሉ። ሌላዋ ተቀበለቻቸው፦ "እውነትዎን ነው። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾማሉ፣ አንዳንዱ ትልቅ ሰው ግን..." ብላ ተወችው።

እኔ የሰማሁት "ይሞታል" የሚለውን ብቻ ነው። አወቁብኝ፣ በሽታዬን ነው የሚያሙት አልኩ። የባሰ አንገቴን ደፋሁ።

የእማማ ማሳ የሚታረም ቀን ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ ጭቃው ይይዛል። ጓደኛዬ ከጎኔ ሆና እያንጎራጎረች ታርማለች፣ እኔ ደግሞ በልቤ አንድ ዘዴ ይዤ መጥቻለሁ። እኔ ስናገር የማትሰማኝ ከሆነ እማማ ሲናገሩ ትሰማለች። የማን ጉዳይ እንደሆነ ሳልል እጠይቃቸዋለሁ።

"እማማ" አልኩ።

ረድፉ በሙሉ ቀና አለ። ከዚያ ጫፍ ድምፅ መጥቶ አያውቅማ።

"አቤት ልጄ።"

"አንድ ነገር ተፈልጎ ተፈልጎ አልታየም ከተባለ... የለም ማለት ነው?"

"ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም። እንዲያው ነው።"

ከመሃል አንዷ፣ ባሏን በማማት የምትታወቀው፣ "የኔ ባል ጠላ ቤት አልታየም ካሉኝ ሌላ ጠላ ቤት ገብቷል ማለት ነው" አለች።

"በፍልሰታም?"

"እሱ ጾሙንም የሚጾመው በጠላ ነው!"

ሳቅ ሆነ። እማማ ግን ነገር ሲጠየቁ እንደ ዳኛ አስበው ነው የሚመልሱት። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"ጅብ በቀን ይታያል?" አሉኝ።

"አይታይም።"

"ታዲያ ቀን አልታየም ብለሽ ማታ በረቱን ከፍተሽ ትተኛለሽ? የማይታየው በረቱ ስለተዘጋበት ነው። የለም ብለሽ የከፈትሽ ለት ታይዋለሽ፤ ያን ጊዜ ግን ጥጃሽን አታይውም።"

ጥጃ ሲሉ ከጎኔ ማንጎራጎሩ ቆመ። ጓደኛዬ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

"ስለ ማን ነው የምታወሩት?" አለች። "ስለ ማን ነው የምትጠይቂው አንች?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ላድናት ብዬ ላጋልጣት ነው። አንዷ "ምን ሆና ነው ይቺ የምትቆጣው?" ብላ ብትጠይቅ አለቀ።

"ስለ እኔ ነው" አልኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ መመለስ የለም ብዬ ቀጠልኩ። "የኤች አይ ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። በየቀኑ፣ በሦስት ሰዓት። ሲመረምሩኝ አልታየም ይሉኛል። ላቁመው ይሆን ብዬ አስቤ ነው የጠየቅሁ።" የመጨረሻው ውሸት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።



"በሦስት ሰዓት?" አሉ እማማ።

"አዎ።"

"ያ ከማሳው ድንበር ጀርባ የምትሄጅው?"

"አዎ።"

"ያ መቀነትሽ ውስጥ ኮሽ ኮሽ የሚለው?"

ከመቀነቴ ፈትቼ ትንሿን የቅባት ቆርቆሮ አሳየኋቸው። የሁለት የሦስት ቀን መድኃኒት ይዤባት እወጣለሁ። ስልኬ ሦስት ሰዓት ላይ ሲንቀጠቀጥ ከድንበሩ ጀርባ ሄጄ በውሃ እውጣለሁ። ሰዓቱን ወደ ማታ ቀይሩልኝ ብዬ ነርሷን መጠየቅ አፍሬ ስንት ዓመት እንደዚያው ኖርኩ።

እማማ ጭቃ የለበሱ እጆቻቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። "ወይኔ ልጄን! እኛኮ ከረሜላ መስሎን ነው!"

"ምን?"

"ከረሜላ! በፍልሰታ! ተደብቃ፣ ለማንም ሳትሰጥ! ስንት ቀን ሙሉ አማንሽ!"

"እኔማ ቆንቋና ብዬሻለሁ" አለች ባሏን የምታማው። "ለቤቴ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። አሁን ዞሬ ማስተባበሌ ነው?"

"የንስሐ አባቴ በጾምም እንድወስደው ፈቅደውልኛል" አልኩ።

"ይፍቀዱልሽ እንጂ! እኔ ግን" አሉ እማማ፣ "ጾም ገደፈች ብዬ ስለ አንች ስንት ሰገድኩ መሰለሽ! ይኸን ጉልበት ማን ይመልስልኛል?"

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። አንዷ በሳቅ ተንሸራታ ውሃው ላይ ዘጭ አለች። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁም እንባዬ ይወርዳል። እማማ መጥተው ጉንጬን በጭቃ እጃቸው ያዙኝና "ቁም ነገሩን ስሚ፤ በረቱን እንዳትከፍችው" አሉኝ። ከዚያ ወደ ረድፉ ዞሩ። "ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወገባችንን እናሳርፋለን። ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ድንበር ጀርባ አትሄድም።"

ጓደኛዬ አልሳቀችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎንበስ እንዳለች አረመች። እማማ ቤት በሩዝና በጤፍ የተጋገረ እንጀራ በተልባ ሲቀርብም ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

"ልታጋልጭኝ ነበር" አለች።

"አዎ። ይቅር በይኝ።"

ትንሽ ሄድን። "አንችን ቢሸሹሽስ ኖሮ?"

"እኔ እንጃ። አላሰብኩትም።"

ደግሞ ትንሽ ሄድን። "እውነት ተመልሶ ይመጣል?"

"ይመጣል። ልጁም ጋ ይደርሳል።"

መንገዱ መሃል ቆመች። ጠርሙሱን ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀብራው እንደነበር፣ ልትጥለው ግን እጇ እንዳልታዘዘላት ያን ጊዜ ነገረችኝ። "ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?" አለች።

እማማን ፈቃድ ልንጠይቅ ያንኑ ምሽት ተመለስን። "ነገ ወንፈል እቀራለሁ፣ ጥርሴን ልታይ ነው" አለቻቸው። እማማ ዓይኗን አዩ፣ ሆዷን አዩ።

"ሂጂ ልጄ። ረድፍሽን እኛ እንይዝልሻለን" አሉ። ልንወጣ ስንል ጨመሩ፦ "ይቺንም ይዘሻት ሂጂ። የጥርሱን መንገድ ታውቀዋለች።"

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ጠይቀዋት አያውቁም። እሷ ራሷ ናት በሌላ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ አረፍ እንዳልን፣ ከጎኔ ተቀምጣ የራሷን መድኃኒት ያወጣችው። ባሏን የምታማዋ ውሃ አቀበለቻት።

የእማማ ጅብ ግን ከማሳው ወጥቶ ብዙ አገር ዞረ። በእድር ስብሰባ ላይ ተናገሩት፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተናገሩት፣ በርግዝና ላይ ያለች ሙሽራ ካዩ "ተመረመርሽ?" ሳይሉ አያልፉም። አፍራለሁ የምትለውን ራሳቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያ ደጅ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ፣ የማያውቅ ሰው ምን አሟቸው ነው ይላል። ጠበል ልጠመቅ ነውና መድኃኒቱን ልተው ያለ ሰው ሲገጥማቸው "ጠበሉንም ጠጣ፣ በረቱንም ዝጋ" ይሉታል።

ጓደኛዬ በጥር ወለደች፤ ሴት ናት። ጤና ጣቢያው የሰጣትን መከላከያ ሽሮፕ አጠጣቻት፣ በየቀጠሮው ወሰደቻት፣ ጡት አስጣለቻት። የመጨረሻው ምርመራ የዋለው ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። እኛ እያረምን ነበር። ልጅቱን አዝላ በማሳዎቹ ድንበር ላይ ስትመጣ ከሩቅ አየናት። ልጅቱ ታለቅሳለች። ሁላችንም አረም በእጃችን እንደያዝን ቀና አልን።

"ምን አሉ?" አሉ እማማ።

"ነጻ ናት።"

"አልታየም ነው ያሉሽ?"

"ኧረ እማማ፣ ጭራሽ የለባትም! ነጻ! ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነው የመጣሁ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?"

"ጣቷን ወግተዋት ነዋ።"

እልልታው ሲነሣ ከሩዙ መሃል ነጫጭ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። እኔም እልል አልኩ፤ አክስቴ ብትሰማኝ አታምንም። እማማ የተወጋችውን ጣት ሳሟትና "በሉ ጎንበስ፣ ፀሐይ ሳይከር" አሉ። ጓደኛዬ ልጅቱን አውርዳ ድንበሩ ላይ ጃንጥላ ሥር አስቀመጠቻት፣ ቀሚሷን ሸብ አደረገችና ከጎኔ ገባች። አሥር እርምጃ ሳንሄድ ዞር ብንል፣ ልጅቱ በሁለት እጇ ጭቃ እየዛቀች ትበላለች።

እናቷ ልትሮጥ ስትል እማማ ከለከሏት። "ተያት። የፎገራ ልጅ አይደለች?"