የጋሽ ውሃ ልክ ቀጠሮ

አናጢው በሠሩት ሁሉ ላይ ውሃ ልክ ካላስቀመጡ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው፣ ሰፈርተኛው «ጋሽ ውሃ ልክ» ይላቸዋል። ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ዓመታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ የጀመሩት ደግሞ ስድሳ አምስትን ካለፉ በኋላ።

የመጻሕፍት መደብር ልትከፍት የተዘጋጀች አንዲት የውጭ አገር ሴት ለናሙና አንድ መደርደሪያ አዘዘቻቸው። ከወደደችው አሥራ አንድ ትጨምራለች፤ ካልወደደችው ሌላ አናጢ ትፈልጋለች። የቀጠሮ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ልጃቸው ነበር። አሁን ግን «እስከ መቼ በሰው አፍ እናገራለሁ?» ብለው እስክሪብቶውን ራሳቸው ጨበጡ።

«እኛ ሰዓቱንም፣ ዕለቱንም፣ ወሩንም በአንዲት ‹በ› እንጨርሰዋለን። እንግሊዞቹ ምን ቢጎድላቸው ነው ሦስት ያደረጓት?» አሉ ደብዳቤውን እየጀመሩ።

ልጃቸው ሳቀ። «አባባ፣ ለሰዓት አት፣ ለዕለት ኦን፣ ለወር ኢን። ይሸምድዱትና ይገላገሉ።»

«ያልገባኝን አልሸመድድም!» አንድ ምስማር፣ አንድ ጣውላና አንድ ሣጥን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደሩ። «ሰዓት የምስማር ጫፍ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ዕለት ጣውላ ነው፤ ሥራህን ላዩ ላይ ታስቀምጣለህ። ወር ሣጥን ነው፤ ዕለታቱን ውስጡ ትከታለህ።»

«ሌሊትስ?» አሉ ባለቤታቸው ከበሩ ላይ። «የእንግሊዝኛ አስተማሪህ ለሌሊትም አት ነው አለ አላልከኝም? ያን የሚያህል ሌሊት በምስማር ጫፍ ላይ እንዴት ይቆማል?»

«እሱን ገና እየመረመርኩት ነው» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ፣ ራሳቸውን እያከኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲጽፉና ሲሰርዙ ቆይተው ደብዳቤውን አጥርተው ላኩት፤ መደርደሪያው ዓርብ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ዝግጁ ነው።

ሴትዮዋ ደቂቃ ሳታዛንፍ መጣች። መደርደሪያውን ዳሰስ ብታደርገው ጣቷ ተጣበቀ። ቫርኒሹ አልደረቀም!

የጋሽ ውሃ ልክ ፊት አመድ መሰለ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ቫርኒሽ የሚደርቅበትን ቀን ሳይቆጥሩ ቀጠሮ ሰጥተው አያውቁም። ለካ ቃሉን ሲለኩ ሥራውን መለካት ረስተዋል።

«መብራት ጠፍቶብን ነው እንበላት?» አለ ልጃቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በል! ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ ቫርኒሹ እርጥብ መሆኑን፣ የቸኮሉትም እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። ሰኞ እንድትመለስም ጠየቋት።

ሴትዮዋ ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሌሎቹ አናጢዎች ‹ነገ ነገ› ብቻ ነው የሚሉኝ» አለች። «ሰኞ ደርቆ ካገኘሁት የአሥራ አንዱን ልክ ይዤ እመጣለሁ።»

እንደወጣች ጋሽ ውሃ ልክ ጎንበስ ብለው የጣቷን አሻራ አዩት። ከዚያ ልጃቸውን መስኮቶቹን ሁሉ አንድ ሳይቀር አስከፈቱት።