ሙቁ ውሃና የአባባ ወገብ

ልጄ የሠርጓን ፎቶ ትናንት አሳጥባ አመጣችልኝና አንድ በአንድ አገላበጥኩት። የሙሽራው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ እኔ ግን በየፎቶው ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ፎቶ አንሺው ያፈርኩ መስሎት «እማማ፣ ዛሬማ ይሳቁ እንጂ!» ሲለኝ መዋሉ ትዝ አለኝ። እየሳቅኩ ነበር እኮ። የእኛ መንደር ሰው የሚስቀው እንዲህ ነው።

መንደራችን ከላሊበላ ቁልቁል ወደ ቆላው ስትወርዱ ገደል ሥር የተለጠፈች ናት። ወንዙ ክረምቱ ሲወጣ ብዙም ሳይቆይ ስለሚደርቅ፣ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከቋጥኝ ሥር ለብ ብሎ የሚፈልቀውን ምንጭ ነበር፤ «ሙቁ ውሃ» እንለዋለን። ከላይ መፍለቂያው በአቡዬ ስም የተባረከ ጠበል ነው፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እናቶቻችን ይቀዳሉ፣ ከታች ከብቱ ይጠጣል፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከከብቱ ጋር እየተጋፋን እግራችንን እንነክራለን። ደገኞቹ የአክስቴ ልጆች በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሲመጡ በውሃችን እንኮራባቸው ነበር። የወተት ጥርሳችን ረግፎ ሁለተኛው ሲበቅል የተቀቀለ ምስር መልክ ይዞ ይወጣል፤ ይህንንም ከአባት ከአያት የወረስነው መልካችን ነው ብለን ተቀብለነዋል። እንዲያውም ሴቶቹ ስንስቅ አፋችንን ስለምንሸፍን፣ ጨዋ ያሳደጋቸው ናቸው እየተባለ ስማችን ጥሩ ነበር።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸውም ዝማሜያቸውም የተመሰገነ ነው፣ አገር የሚያውቃቸው ግን በስቅለት ስግደታቸው ነበር። ጎልማሳው ደክሞት ግማሹን በጉልበቱ ሲጨርስ፣ እሳቸው ግንባራቸው መሬት ካልነካ ሰገድኩ አይሉም። ማታ ሲገቡ እናቴ ግንባራቸው ላይ የተጋገረውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግላቸው ስትል፣ «ተይው፣ ደሞዜ ነው» ይሉና ሳይታጠቡ ይተኛሉ።

እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ወገባቸው ይያዝ ጀመር። ብርድ ነው ተባለ፣ ታሸ፣ በትኩስ ድንጋይ ተተኮሰ። አባባ ግን መድኃኒቱ ደጃቸው እንዳለ ያውቁ ነበርና ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ከመፍለቂያው አንድ ቅል ሙሉ ይጠጡ ጀመር። ሲብስባቸው ሁለት ቅል አደረጉት። እናቴ «ኧረ ትንሽ ይቀንሱ፣ ሆድዎ ይጎዳል» ብትላቸው፣ «ያልዳንኩት እምነቴ ቢጎድል ነው» ብለው ይጨምሩበት ነበር። የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንዲሉ።

ከጥጃነቱ ያሳደጉት ቡሬ የሚባል በሬ ነበራቸው። እሱም ማነከስ ጀመረ፤ ገለባውን ያላምጥና መልሶ ይተፋዋል፣ ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ይቆያል። ሳይሞትብን እንሽጠው ብለው ቅዳሜ ገበያ ወሰዱት። ገዢው እንደ ደንቡ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየና «መሪጌታ፣ ይሄን ሽማግሌ ከየት አመጡት?» አላቸው። ገና ወይፈን ነው ቢሉት፣ «ጥርሱ አልቆ! ካህንም ይዋሻል እንዴ?» ብሎ ሰው ሰበሰበባቸው። በሬያቸውን እየጎተቱ ተመለሱ፣ ያን ዕለት እራት አልበሉም።

በዓመቱ ስቅለት ዕለት አባባ ወገባቸው ላይ ጎብጠው፣ መቃናትም መውረድም አቅቷቸው ቀሩ። ሕዝቡ ሲነሣ ሲወድቅ እሳቸው መካከሉ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ዋሉ። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ሳያቸው እንባቸው በቀጥታ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ምኞት ብቻ ነበራቸው፤ ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ግንባራቸውን መሬት ማስነካት። ለዚያም ብለው ሙቁን ውሃ በእንስራ አስቀድተው ራስጌያቸው አኖሩት።

እኔ ላሊበላ ከተዳርኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ባለሙያዎች መጥተው ውሃውን በጠርሙስ የወሰዱት። ተመልሰው ሲመጡ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶበታል፣ ጥርስ የሚያበላሸው አጥንትም የሚያደርቀው እሱ ነው አሉ። አባባ መደብ ላይ በጎናቸው ተኝተው በጥሞና ሰሙና፣ «ከብትም ይነካል?» ብለው ጠየቁ። አዎ ሲሏቸው፣ «አላልኳችሁም! ቡሬ ወይፈን ነበር!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የራስጌውን እንስራ ማንም ሳይነግራት እናቴ አንሥታ ወጣች።

ዛሬ መንደሩ ከደጋ በቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። ትንንሾቹ ነጭ ጥርስ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። ለእኔና ለእኩዮቼ ግን አልደረሰልንም፤ ብቻዬን ስስቅ እንኳ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል።

አባባ ቧንቧው ሳይገባ ነው ያረፉት። ገናዦቹ ሊያቃኗቸው ቢሞክሩ አጥንታቸው እንቢ አለ፣ እንደጎበጡ በጎናቸው ተገነዙ። ፊታቸው ሊሸፈን ሲል እናቴ «ቆይማ» ብላ ወደ ደጅ ወጣችና አፈር በጣቷ ቆንጥራ ተመለሰች። ግንባራቸው ላይ ቀባችላቸው።

«ደሞዝዎን» አለቻቸው።