የሚስቴ የቤት ቀሚስ

በምዕራብ ጎጃም እንደ እኔ ቤት መያዝ የሚችል ወንድ አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ክርስትና አልተነሣም። ባለቤቴ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ፍኖተ ሰላም ስትጠራ ይህንኑ የከተማችን የማንኩሳ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኋት።

«ሂጂ! ከፈለግሽ ዶክተር ሆነሽ ተመለሺ። ቤቱን ለእኔ ተይው።»

የሄደች ዕለት ምሳ ሳይደርስ ሽሮው ከድስቱ ጋር ተዋሐደ። ትልልቆቹ ልጆች እየሳቁብኝ ቆሎ ዘግነው ትምህርት ቤት ሄዱ። መከራዬ ትንሿ ነበረች። ጡት ከጣለች ብዙ አልቆየችም፤ እናቷን ስታጣ ገንፎም እንቅልፍም እርም አለች። ልቅሶዋ ሽንዲ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የሽንዲ ሰው «ማንኩሳ ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን ሳያዘቀዝቅ አልቀረም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሷን ጭኔ ላይ አድርጌ የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ወደ ቡሬ፣ ሌላው ወደ ደምበጫ ያይ ነበር።

በኋላ ባለቤቴ ለተግባር ልምምድ ቡሬ ገጠር ተመደበች። ኔትወርክ ያለው ኮረብታ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ወጥታ ትደውላለች።

«ዛሬስ በላች?»

«እንዴታ! ማንኪያውን ልትውጠው ስትል ነው ያስጣልኋት።»

ከጀርባዬ የሚሰማው ልቅሶ አጋለጠኝ። እሷም፣ «አንተ፣ እኔ ለሰው እናቶች የልጅ አመጋገብ አስተምራለሁ፣ የእኔዋ ጦሟን ታድራለች። እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት ትቼው እመጣለሁ» አለችኝ።

ልምምድ አቋርጦ የሄደ ከሥልጠናው እንደሚሰረዝ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅ አዝላ፣ እንጀራ እየጋገረች፣ ደብተሯን ሌማት ላይ ዘርግታ ያጠናችው ሁሉ በእኔ ምክንያት ውኃ ሊበላው ነው። ያን ቀን ቀልድ አልመጣልኝም።

ጎረቤታችን ያሉ ባልቴት አዘኑልኝ። «የእናቷን ጠረን ነው የምትፈልገው። የቤት ቀሚሷን አልብሳት። አደራ፣ እንዳታጥበው!» አሉኝ። በቀሚሱ ጠቀለልኋት። ልጅቱ ቀሚሱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ውስጡ እናቷን ፈለገች፤ ስታጣት እንደገና አለቀሰች።

እንግዲህ ምን ላድርግ? በሩን ገርበብ አደረግሁና ጎኑን ተርትሬ ለበስሁት። የእናቷን ሻሽም አሰርሁ። ሳቅፋት አሸተተችኝ፤ ገንፎዋን ከእጄ በላች፤ በአንቀልባ ሳዝላት ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ጭልጥ አለች።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ዕለቱ ሚካኤል መሆኑን ነው። ገበሬው ሥራ ስለማይሠራ ለዕርቅ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ በእርሻ ወሰን የተጣሉ ወንድማማቾችን ልናስታርቅ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ፣ ቦታውም የእኔ ቤት!

በሩ ተከፈተ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አዛውንት፣ ወንድማማቾቹን አስከትለው ገቡ። እኔ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው።

«እንዴት ዋልሽ እመቤት! ትምህርቱ አለቀ? ያ ቀባጣሪ ባልሽስ የት ሄደ?»

ብናገር ትነቃለች፤ ብሮጥም ትነቃለች። ቀስ ብዬ ዞርሁ። አዛውንቱ ጢሜን ሲያዩ ደጋግመው አማተቡ።

«በስመ አብ! ምን ሆነሃል አንተ?»

«የደንበኛ ልክ እያየሁ ነው፣ አባባ» አልሁ በሹክሹክታ።

«ደንበኛህ ልጅ አዝላ ነው የምትለካ?»

ውሸቴ አለቀ። «ከነቃች አልቅሳ አታባራም። እናቷም ሥልጠናዋን ትታ ትመጣለች» አልኋቸው።

አዛውንቱ ቀረብ ብለው የልጅቱን ፊት አዩ። ከዚያ ወደ ወንድማማቾቹ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ይችን ልጅ የቀሰቀሰ መሬቱን ለወንድሙ ይለቃል።»

እነዚያ ሰዎች በየገበያው ሲጯጯሁ በቅሎ የሚያስደነብሩ ናቸው። አሁን ግን ታናሽዬው «አንተ ሌባ» ሲል ድምፁ አልወጣም፤ ታላቁ ለመስማት ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። «ምን አልኸኝ?» አለው፣ እሱም በሹክሹክታ። ታናሽዬው ለመድገም አፈረ። እኔ ሻሼን እንዳሰርሁ ልጅቱን እያወዛወዝሁ ፈረድሁ። ወሰኑ በድሮው የግራር ጉቶ እንዲሆን ተስማሙና እየሳቁብኝ ተሳሳሙ። አዛውንቱ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «በርታ እመቤት» አሉኝ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ስትደውል ስልኩን የተኛችው ልጅ አፍንጫ ሥር አደረግሁት። ትንፋሿን ሰማች። ኮረብታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ይሰማኛል።

በመጨረሻ፣ «ምን አድርገህ ነው?» አለች።

«ሙያ ነው!»

አልመጣችም፤ ልምምዱን ጨረሰች። ተመርቃ የተመለሰች ዕለት የሙያዬን ምስጢር ከማንኩሳ መናኸሪያ ጀምሮ ሰው እየተቀባበለ ነገራት።

ልጅቱ አድጋ አሁን ብቻዋን ትተኛለች፤ ቀሚሱን ከረሳችው ቆይቷል። ባለቤቴ ግን ለስብሰባ ገበዝ ማርያም ቀበሌ ወጥታ ስታድር ቀሚሱ ከሳጥን ይወጣል። ያለ እሱ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ ነኝ።