«አትንገሩኝ» ይሉ የነበሩት አክስቴ

ጻፊልኝ ልጄ፣ ስለ አክስቴ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በደርግ ጊዜ እዚህ ሮማ ሰው ቤት ሲሠሩ፣ ወንበር ላይ ቆመው መስኮት ሲወለውሉ ወደቁና ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ከኦስፔዳሌ፣ ከሆስፒታል ማለቴ ነው፣ ሲወጡ እጅ እግራቸው ደህና ነው፤ ቃል ግን ይጠፋባቸዋል። ማንኪያ ለማለት ቁልፍ ይላሉ። አንዳንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዳንዱ ነካ አደረጋቸው አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰው ቤት ለምንሠራ ሐበሾች ሁሉ ዕረፍት ስለሆነ እንገናኛለን። ቃል ጠፍቶባቸው ካቀበልናቸው ይቆጣሉ።

«አትንገሩኝ! እኔው ልፈልገው። ካልፈለግሽው አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ።»

ዝም ብለን መጠበቅ ለመድን። አዲስ ለመጣች ልጅ ሁሉ ደግሞ «ወንበር ላይ እንዳትወጪ፣ መሰላል ጠይቂ» ይላሉ።

አንድ ሐሙስ አንዷ አዲስ ልጅ፣ ጠዋት ከወንበር ወድቃ፣ ራሷን ይዛ መጣች። ያስመልሳታል።

«ምንም አይደል፣ ትንሽ ልተኛ። አሠሪዬ ሲኞራዋ ከሰማች ታባርረኛለች» አለች።

አክስቴ ብድግ አሉ። «አትተኛም! አሁኑኑ ውሰዷት ወደ... ወደ...»

ቃሉ ጠፋ። እኛም እንደለመድነው ዝም ብለን ጠበቅን።

«ኧረ አሁንስ ንገሩኝ፣ እናንት ዱዳዎች!»

«ኦስፔዳሌ!» አልን ባንድ ላይ።

አሎራ፣ እንግዲህ በታክሲ ይዘናት ሄድን። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሯል፤ ቀደው አወጡላት፣ ዳነች።

አክስቴ ካረፉ ወዲህም ሐሙስ መገናኘታችን አልቀረም። ግን አንዷ ተናግራ ሳትጨርስ ሌላዋ ቃሏን ትቀማታለች፤ ዝም ብሎ የሚጠብቅ የለም።