የተዋናይቷ መርዶ

ሲያትል አጠገብ፣ ሊንውድ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ፣ ስድስት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው አንስቼ ሰው አስቀምጫለሁ፤ እኔ ቤቱን ብረሳው እንኳ ወገቤ አይረሳውም። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ቤት ነው፤ ሣሩ የታጨደ፣ ጋራዡ የተዘጋ፣ ዝናብ የማይለየው። ባለቤቷ የወልቂጤ ሴት ናት። ታላቅ እህቴን ስለምታክል «እትዬ» እላታለሁ። እሷም እንደ ታናሽ እህት ታዘኛለች፣ እንደ ታናሽ እህትም ትቆጣኛለች።

ተዋናይቷ ወደዚያ ቤት የመጡት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ ነበሩ ሲሉኝ አላመንኩም። እዚያ ቤት ድሮ ትልቅ ሰው ያልነበረ የለም። አንዱ ኮሎኔል ነበርኩ ይላል፣ ሌላዋ ከፕሬዚዳንት ጋር ጨፍሬአለሁ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም «እውነትዎን ነው» እያልኩ ካልሲ አለብሳለሁ። እሳቸው ግን እውነትም ነበሩ። አንድ ካርቶን ሙሉ የተቆራረጠ ጋዜጣና አንድ ከባድ የነሐስ ሽልማት ይዘው መጡ። ሽልማቱን ሌላዋ አሮጊት «የኔ ነው» ብለው ስለተጣሉበት፣ ጠቡ እንዲበርድ ካልሲ ውስጥ ከተን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅነው። ከዚያ በኋላ አውጡልኝ ብለው አያውቁም።

«እማማ» እላቸው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«በፊልም ስንት ጊዜ እናት ሆኛለሁ» አሉ። «ካሜራ በሌለበት እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ሲያትል ውስጥ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ፤ ተዋናይቷን ወደዚህ ዝናብ ያመጧቸውም እሳቸው ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል።

ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን ሳበጥር ያወሩልኛል። የተወለዱት አየርላንድ ውስጥ፣ በምዕራብ በኩል ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ምድር ቤት ጫማ ይሸጣሉ፣ ቤተሰቡ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሁለት እህትማማች ነበሩ። ታናሽየዋ ሱቁን ወደደች፤ እሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ደብሊን ሄደው አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት ልብስ ተኳሽ ሆኑ። አንድ ቀን ዋናዋ ተዋናይት ድምፅዋ ተዘጋ። ቃለ ተውኔቱን በቃሉ የያዘ ሰው ሲፈለግ ከልብስ ተኳሿ በቀር ጠፋ። መጋረጃው በዚያው ተከፈተላቸው፤ ከዚያ ሲኒማ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ አሜሪካ።

«መጀመሪያ ኮረዳ ነበርኩ» ይላሉ። «ቀጥሎ ሚስት፣ ቀጥሎ የኮረዳዋ እናት፣ ቀጥሎ መነኩሲት። በመጨረሻ ሬሳ አደረጉኝ። ሬሳ መሆን ጥሩ ነው፣ የሚጠና ነገር የለውም።»

ስማቸው የተነሳበትን ፊልም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን አየነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ሙሽራ ሆነው በፈረስ ጋሪ ላይ ቆመው ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም፤ የሳምንት ድካም ይዤ የተቀመጥኩት እኔ እንኳ ሳላስበው ሳቅኩ። ጋዜጦቹ ሁሉ የጻፉት ስለዚያ ሳቅ ነው። ዞር ስል እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«ያን ቀን እናቴ ከሞተች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር» አሉኝ። «እኔ አላውቅም።»

ቴሌግራሙ ደርሶ ነበር። ዳይሬክተሩ ተቀብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። የሠርጉ ትዕይንት ገና አላለቀም፤ ሙሽራዋ ካለቀሰች ዓይኗ ያብጣል። ሦስት ቀን ደበቃቸውና ሥራው ሲያልቅ ሰጣቸው። በአገራቸው ቀብር ከሦስት ቀን አያልፍምና አገር ቤት ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። እህታቸው በር ላይ ቆማ «ፊልምሽ አለቀልሽ?» አለቻቸው። ደበቁኝ ቢሏትም አላመነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ደብዳቤ ሲጽፉ ሳይከፈት ይመለሳል። የነሐሱ ሽልማትም ለዚያ ሳቅ የተሰጠ ነው።

«ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» አልኩ። በገዛ አፌ።

እኛ መርዶ የምንደብቀው ለፊልም አይደለም። አባቴ ሲሞት ሲያትል ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ በስልክ «ደህና ነው፣ አሁን ገና ወጣ» እያለ አቆየኝ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ፣ ቱክዊላ አክስቴ ቤት ተኝቼ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ዙሪያዬን ተቀመጡ። ያዙኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ፣ ውሃ አጠጡኝ። ወንድሜን ደውዬ አመሰገንኩት። አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ብሰማው ኖሮ ማን ይይዘኝ ነበር? መደበቅ ፍቅር እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ፤ የተማርኩት ደግሞ በደንብ ነው።

እንግዲህ በአንድ የክረምት ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የተዋናይቷ የእህት ልጅ ከአየርላንድ ነበረች። እናቷ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ዛሬ ነገ ትሞታለች ተብሏል፤ ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴን አገናኙኝ ብላለች።

እማማ ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ተኝተዋል» አልኳት።

ከዚያ እትዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ሶ፣ ምን አልሻት?» አለች።

«ተኝተዋል አልኳት።»

«ጥሩ አደረግሽ። ዶክተሩ ልባቸው ዊክ ነው ብሎ የለ እንዴ? እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሌለበት፣ በስልክ፣ ይነገራል? ቅዳሜ ከሌላው ሥራዬ ኦፍ ነኝ። ሰው ይዤ በማለዳ እመጣለሁ፣ አብረን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«ሊያናግሯቸው እኮ ነው የፈለጉት፣ እትዬ። ገና አልሞቱም።»

«ኦኬ፣ እሱን ሰምተው ልባቸው ቀጥ ቢልስ? አንቺ ልትይዣቸው ነው?»

እውነቱን ልናገርና፣ እንዲህ ስትለኝ ቀለል አለኝ። ድካም ክፉ ነው፤ ሌላ ሰው ሲወስንልህ ሞቅ ባለ ውሃ እግርህን የታጠብክ ያህል ይሰማሃል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ረቡዕ ልጅቱ እንደገና ደወለች። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል አልኳት። ከበስተጀርባዋ አንድ የደከመ የአሮጊት ድምፅ «እሷ ናት?» ሲል ሰማሁ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልጅቱ «አይደለችም፣ እማዬ» አለች።

ሐሙስ ስትደውል አታለቅስም ነበር። አልፋለች፣ ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ድምፅዋ ሲከፈትላት ንገሪያት አለችኝ። እትዬ ይህንንም ስትሰማ ከሐሳቧ ንቅንቅ አላለችም፤ «በቃ፣ ያው ቅዳሜ ነው» አለች።

በእነዚያ ቀናት ፎጣ አጠፍኩ። የታጠፈውን ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ። እማማ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል።

«ደህና ነሽ?» ይሉኛል።

«ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ወደሚቀጥለው ፎጣ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ እትዬ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ መጣች። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ናቸው፤ እማማን አይተዋቸው አያውቁም። ግን ለመርዶ ሲጠሩ ማንን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አራታችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገብተን አልጋቸውን ከበን ተቀመጥን። ማንም ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አንደኛዋ ሴት እንባዋን ለቀቀችው።

እማማ ዓይናቸውን ከፈቱ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ እኔን፣ ፊቴን ሳይሆን እጄን፣ አዩ። የአንሶላቸውን ጫፍ እያጠፍኩ ነበር።

«እህቴ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስንት ቀን ደበቃችሁኝ?»

እትዬ ስለ ልባቸው፣ ስለ ዶክተሩ፣ ስለ ባህላችን ልታስረዳ ጀመረች። ሰሟት፤ ግን እኔን ነው የሚያዩት።

«አራት» አልኩ። «ከመሞታቸው በፊት ልጃቸው ደውላ ነበር። ሊያናግሩዎት ፈልገው ነበር።»

«አራት» አሉ። «የሲኒማ ሰዎቹ እንኳ ሦስት ነው የደበቁኝ።»

የዚያን ጊዜ አየርላንድ ውስጥ ከሰዓት ሆኖ ነበር። እኛ ነጠላ ስናዘቅዝቅ እዚያ አፈሩ ተመልሷል። ልባቸው ግን አልቆመም። የሚይዛቸውም አላስፈለገም። ልንይዛቸው መጥተን እኛው ስናለቅስ፣ እሳቸው ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ትራስ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ስልኩን ጠየቁ፤ ሰጠኋቸው። ውጡ አሉን። ቁርሳቸውን ይዤ ስመለስ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ነበር። ለእህታቸው ልጅ ሲናገሩ ሰማሁ፤

«አይ፣ ልጆቹ የዚያኑ ቀን ነግረውኛል። አስታማሚዬ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። እኔ ነኝ ድፍረት ያጣሁት። ጉንፋንም አልነበረም፤ ተኝቻለሁ በዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ድምፃቸው ውስጥ ሀፍረት ነበር፣ የፈሪ ሰው መንተባተብ ነበር። እኔ እንኳ፣ እውነቱን የማውቀው፣ ለአንድ አፍታ አመንኳቸው። ልጅቱማ ለምን አታምን? እናቷ ስለ አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትላት የኖረችው ይኼንኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ ደውላም ጽፋም አታውቅም።

«ለምን እንዲህ አሏት?» አልኩ እያለቀስኩ።

«እውነቱን ብነግራት ከሥራ ታስወጣሽ ነበር። እህቴ እንደሆነች አትመለስ።» ዳቦውን በትንሹ ቆረሱ። «አንቺ ግን ተዋናይ አትሆኚም። ስትዋሺ እጅሽ ሥራ ይፈልጋል። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ያንቺ ሰው የሞተ መስሎኝ ነዋ። እስክትነግሪኝ ስጠብቅሽ ነበር።»

ለኔስ ሞት ሲያንሰኝ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ጸጉሬን አበጥሪልኝ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በየማለዳው አበጠርኩላቸው፤ ስለዚያ ሳምንት አንድም ቀን አላነሱብኝም። አንስተው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲሞቱ እኔ ቀኔ አልነበረም። እትዬ መኪና እየነዳሁ ደወለችና «ማታ አርፈዋል፣ ሰኞ ሌላ ሰው ይገባል፣ አልጋውን ቀይሪ» አለችኝ። ነጠላ የለ፣ ማለዳ የለ፣ ሻይ የለ። ዘመድ አይደሉማ። መንገዱ ዳር ቆሜ ለብቻዬ አለቀስኩ። ማንም አልያዘኝም፤ እንደፈራሁትም አልሆንኩም።

በዚያው ሳምንት ወንድሜን አገር ቤት ደውዬ በአባታችን አጥንት አማልኩት። «እማዬ አንድ ነገር ብትሆን በዚያችው ሰዓት ትነግረኛለህ። መኪና እየነዳሁም ቢሆን፣ ባዶ ሆዴንም ቢሆን። ስትታመምም ጭምር። ድምፅዋን ልስማ» አልኩት። ማለልኝ። በየዓመቱ አስታውሰዋለሁ፤ በየዓመቱ «ውይ አንቺ ደግሞ፣ እሺ አልኩሽ እኮ» ይለኛል።

ዓመታት አለፉ። ወገቤ እምቢ ሲል ከሊንውዱ ቤት ወጥቼ ቤልቪው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ሆኛለሁ፤ ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ፣ ድካሙ ግን አብሮኝ ተቀመጠ። ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ መኪናዬን አቁሜ ወንድሜን በቪዲዮ ደወልኩለት። እዚያ ገና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሰላም ተባባልን። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናብ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እማዬን አቅርብልኝ» አልኩት።

«ተኝታለች» አለ።

እናቴ በዕድሜዋ በዚያ ሰዓት ተኝታ አታውቅም። ወንድሜ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። ወለወለ፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፤ ደግሞ ወለወለ።

«ስንት ቀን ደበቃችሁኝ?» አልኩት።

እጁ ቆመ።