የመሪጌታው መርፌ

ንፋስ መውጫ በማደንዘዣ ባለሙያነት ስሠራ፣ በዜማ ትምህርት ከታወቀችው ከቤተ ልሔም አንድ መሪጌታ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ መጡ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ዓመት ሙሉ ዜማው ቀርቶ ተራ ቃል እንኳ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አጥንቱ እስኪገጠም ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ በደም ሥራቸው ሰጠኋቸው።

በማግስቱ መሪጌታው በገዛ አፋቸው ምሳ አዘዙ። ከዚያ አልጋቸው ላይ ሆነው ዜማ ጀመሩ፤ የተኛው በሽተኛ ሁሉ አጨበጨበ።

«መድኃኒቱ አንዳንዴ የከፋውን ሰው አእምሮ ቶሎ ያነቃል፤ ግን ብዙ አይቆይም» አልኳቸው ለባለቤታቸው።

በሳምንቱ ባለቤታቸው ብቻቸውን ተመለሱ።

«ደግሞ ዝም አሉ። ያንን መርፌ ድገምላቸው ልጄ።»

«እናቴ፣ እሱን እኛ የምንሰጠው ለተሰበረ ሰው ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ግራ እጃቸው ገና ደህና ነው» አሉኝ።